ሐሪሳ ማርያም (ሊባኖስ) ልውጣ ለምትሉ፦ ከጎጃም ልጆች ተደጋግመው የሚመጡልኝ ጥያቄዎች

ቤሩት ስድስት ዓመት ሠርቼ ደብረ ማርቆስ ከተመለስኩ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። እስካሁን ግን ስለ ሐሪሳ ሳልጠየቅ የማልፈው ሳምንት የለም፣ አንዷ ከፍኖተ ሰላም ሆና "ልሄድ ነው፣ ሐሪሳ የሚሉት ምንድን ነው?" ትላለች፣ ሌላዋ እዚያው ሊባኖስ ዙቅ የሚባል ከተማ ቁጭ ብላ መኪናው በየት በኩል ነው ትለኛለች፣ እናቶች ደግሞ ቡና ላይ ይይዙኝና ልጄ ካቶሊክ ሆነችብኝ ወይ ይሉኛል። አንዱን ነገር መቶ ጊዜ መመለስ ስለሰለቸኝ እዚህ ጽፌ ልገላገል። አስጎብኝ አይደለሁም፣ ሰባኪም አይደለሁም፣ አሥር ጊዜ ያህል የወጣሁ ሰው ነኝ በቃ።

ለመሆኑ ሐሪሳ ምንድን ነው? የት ነው?

ተራራ ላይ ያለች የእመቤታችን ቦታ ናት። በአረብኛ ሰይደት ሉብናን ይሏታል፣ የሊባኖስ እመቤት ማለት ነው፣ ሐሪሳ የመንደሩ ስም ነው ግን ሰው ሁሉ ቦታዋንም በዚያው ነው የሚጠራት። ከቤሩት ወደ ሰሜን ሃያ ኪሎ ሜትር ገደማ ሄደሽ ጁኒየ የምትባል የባሕር ዳር ከተማ አለች፣ ከሷ በላይ ቀና ስትይ ነጭ ነገር ይታይሻል፣ እሷ ናት።

ሐውልቷ ነሐስ ናት፣ ነጭ የተቀባች፣ ቁመቷ 8.5 ሜትር ክብደቷ 15 ቶን፣ ፈረንሳይ አገር ተሠርታ የመጣች። የቆመችበት የድንጋይ ግንብ ብቻውን 20 ሜትር ገደማ ነው፣ ከታች ሰፍቶ ወደ ላይ እየጠበበ የሚሄድ፣ በውጭ በኩል እየተጠመዘዘ የሚወጣ ደረጃ ያለው። ደረጃው ከመቶ ይበልጣል፣ ጠባብ ስለሆነ የምትወጣና የምትወርድ ሲገናኙ አንዷ ግድግዳው ላይ ልጥፍ ማለት አለባት፣ እሁድ እሁድ "ሶሪ፣ ሶሪ" እየተባባሉ ነው የሚወጣው። ከግንቡ ሆድ ውስጥ ደግሞ ትንሽዬ ጸሎት ቤት አለች። ከጎን ያለው ትልቁ ዘመናዊ ባዚሊካ (ቤተክርስቲያን) በኋላ የተሠራ ነው፣ አንዳንዱ የፊንቄ መርከብ ይመስላል ይላል አንዳንዱ የሊባኖስ ዝግባ ይመስላል ይላል፣ ለኔ መርከብ ነው የመሰለኝ። ፊቱ በሙሉ መስታወት ስለሆነ ውስጥ ተቀምጠሽ ሐውልቷን ታያታለሽ።

የተሠራችው ሮም በ1854 እኤአ እመቤታችን ያለ አዳም ኃጢአት ተፀነሰች ብላ ያወጀችበትን 50ኛ ዓመት ለማሰብ ነው። ሐሳቡ የማሮናውያን ፓትርያርክ የኤልያስ ሁወይክና በዚያ ጊዜ ሊባኖስ የነበሩት የሮም እንደራሴ ነበር፣ ምርቃቱም በ1908 በሜይ የመጀመሪያው እሁድ፣ በኛ ሚያዝያ 1900 ዓ.ም.፣ ምኒልክ ገና በሕይወት እያሉ ማለት ነው።

አንድ ነገር ግን ያስቀኛል፣ ከፍታው። 650 ሜትር አካባቢ ነው። ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ነው፣ ሌላው ይቅርና አባይ በረሃ ያለው ድልድይ እንኳ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው፣ ስለዚህ እነሱ "ጀበል፣ ጀበል" (ተራራ፣ ተራራ) የሚሉት የሐሪሳ ጫፍ ከአባይ ድልድይ ዝቅ ይላል። ባሕሩ እግሯ ሥር ስለሆነ ነው እንጂ ጮቄ ሥር ላደገች ልጅ ይሄ ተራራ አይባልም። ብቻ ቁልቁል ስታይ ሆድሽ ቦጭ ይላል፣ እሱን አልክድም።

ካቶሊክ ነው አይደል? ኦርቶዶክስ ሆኜ ብወጣ ኃጢአት አይሆንብኝም?

አዎ የካቶሊክ ነው፣ የማሮናውያን። ማሮናውያን ማለት ከቅዱስ ማሮን የሚነሡ፣ ሥርዓታቸው የሶርያ የሆነ፣ ግን ከሮም ጋር አንድነት ያላቸው ናቸው። እኛ ተዋሕዶ ነን፣ ከሮም የተለየነው በ451 በኬልቄዶን ጉባኤ ነው፣ ይሄ ትንሽ ነገር ነው አልልሽም። ግን በር ላይ ቆሞ "አንች ምንድን ነሽ?" የሚልሽ ሰው የለም፣ ፎርም የሚያስሞላሽ የለም፣ ስም የሚመዘግብ የለም። ለእናቶችም የምመልሰው ይሄንኑ ነው፦ ልጅዎት ሐሪሳ ወጣች ማለት ካቶሊክ ሆነች ማለት አይደለም፣ እሁድ እረፍት አገኘች ማለት ነው፣ ደስ ይበልዎት።

እኔ ከመሄዴ በፊት ለንስሐ አባቴ ደውዬ ጠይቄያቸው ነበር። ትንሽ ዝም አሉና "እመቤታችንን መለመን ማን ይከለክልሻል፣ ሥጋ ወደሙ ግን ከቤትሽ ውጪ አይሆንም" አሉኝ። የያንዳንዱን የንስሐ አባት መልስ እኔ ልሰጥ አልችልም፣ የራስሽን ጠይቂ። ቁርባን ሲሰጥ ሁሉም ሰው ተሰልፎ ሲሄድ ግር ብሎሽ አብረሽ እንዳትሰለፊ፣ በተለይ ማዳም፣ አሠሪሽ ማለቴ ነው፣ ከጎንሽ ካለች "ያላ፣ ያላ" (ነይ፣ ነይ) ብላ ልትገፋሽ ትችላለች፣ ቁጭ ብለሽ "ላ፣ አና ኦርቶዶክስ" (አይ፣ እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ) በያት፣ በደንብ ይገባታል፣ እነሱም አገር ኦርቶዶክስ ሞልቷል።

የራሴ እምነት የሆነ ቦታ ነው የምፈልገው የምትል ካለች ደግሞ ቤሩት ዳር ካለው ከደውራ ወደ ጁኒየ ስትሄጂ መንገድ ላይ አንጠልያስ አለ፣ የአርመኖች መንበር። አርመኖች እንደኛው ኦሪየንታል ኦርቶዶክስ ናቸው፣ እህት ቤተክርስቲያን። ይሄን አራት ዓመት ሙሉ በሱ በር በቫን ሳልፍ ማንም አልነገረኝም፣ ይቆጨኛል።

ልጇስ?

ይሄ ጥያቄ የእናቴ ነው ግን ከሷ በኋላ ስንቱ ጠየቀኝ መሰላችሁ። መጀመሪያ ብቻየን የወጣሁ ቀን ኢሞ ደውዬ ስልኩን ወደ ሐውልቷ አዞርኩላት። እናቴ እልልታዋን አቀለጠችው፣ የጎረቤት ሴቶችም ሰምተው ገቡና አብረው እልል አሉ፣ ከዚያ ሁሉም ስክሪኑ ላይ ተደፍተው ሲያዩ ቆዩና እናቴ ድምጿን ዝቅ አድርጋ "ልጇስ? ልጇን የት አደረጉባት?" አለች። እኔም ያን ጊዜ ነው ያስተዋልኩት። ሐሪሳ ያለችው እመቤታችን ብቻዋን ናት፣ ሁለት እጇን ወደ ታች ዘርግታ ወደ ቤሩት እያየች። እኛ ያደግነው ምስለ ፍቅር ወልዳ እያየን ነው፣ ልጇ ክንዷ ላይ ካልሆነ እናቴ ማርያም ናት ለማለት ይከብዳታል። "እጇን የዘረጋችው ልጇን ፈልጋ ነው እንዴ?" ያለችኝን አልረሳውም፣ ልጇን አረብ አገር የላከች ሴት ናት እንዲህ ያለችው።

ሐውልት ስለሆነስ ለሚለው፦ እኛ ሥዕል እንጂ የተቀረጸ ምስል ቤተክርስቲያናችን ውስጥ ስለሌለን ይከብዳል፣ ልክ ነው። እኔ ከደረጃው ግርጌ ሆኜ ወደ ምሥራቅ ዞሬ ነበር የምጸልየው፣ ሌላዋ ሐውልቷን እያየች ትጸልያለች፣ የየራሳችሁ ነው።

እንዴት ነው የሚኬደው?

ከደውራ አደባባይ የጁኒየ ቫን አለ፣ "ጁኒየ፣ ጁኒየ" እያለ ይጠራል፣ እንደኛው ረዳት። ሹፌሩን ገና ስትገቢ "ቴሌፍሪክ" በይው፣ እሱ ጋር ያወርድሻል። ከዚያ ምርጫሽ ሁለት ነው፣ ወይ ታክሲ ተኮናትረሽ በጠመዝማዛው አስፋልት ትወጫለሽ ወይ በቴሌፍሪክ፣ ያ በሽቦ የሚንጠለጠለው ነገር ማለቴ ነው። ታክሲ ከሆነ ከመግባትሽ በፊት ሂሳቡን ተነጋገሪ፣ መመለሻውንም ጨምረሽ፣ እሁድ ማታ ከላይ ታክሲ ፈልጎ ማግኘት መከራ ነው። በእግራቸው የሚወጡም አሉ፣ ስለት ያለባቸው ባዶ እግራቸውን።

ቴሌፍሪኩ ከ1965 እኤአ ጀምሮ የሚሠራ ነው። ያስፈራል? መጀመሪያ አዎ። ካቢኗ ትንሽ ናት፣ አራት ሰው ብትይዝ ነው። ከታች ስትነሳ አውራ ጎዳናውን ተሻግራ በፎቆቹ መሃል ነው የምታልፈው፣ የሰው በረንዳ ላይ የተሰጣ ልብስ እጅሽን ብትዘረጊ የምትነኪው ይመስልሻል፣ አንዴ አንዲት ሴት ኩሽናዋ ውስጥ ባሚያ ስትቆርጥ አይቻታለሁ፣ ቀና ብላም አላየችን፣ ለምዳዋለች። ከዚያ ቤቱ ያልቅና ጥዱ ይጀምራል፣ አቀበቱ ድንገት ቀጥ ይላል፣ ባሕሩ ከኋላሽ እየሰፋ ይሄዳል። ወደ አሥር ደቂቃ ነው የሚወስደው። ላይኛው ጣቢያ ስትደርሽ ሌላ ትንሽ በሐዲድ የምትጎተት መኪና አለች፣ እሷ ናት ሐውልቷ ጋ የምታደርስሽ። ነፋስ ሲበዛ ያቆሙታል፣ ስለዚህ ክረምት ላይ በሱ ብቻ ተማምነሽ እንዳትወጭ።

ቦታው መግቢያ ክፍያ የለውም፣ የምትከፍይው ለመኪናውና ለቴሌፍሪኩ ነው። ኢቃማሽን (የመኖሪያ ፈቃድሽን) ያዥ፣ ዋናው ማዳም ጋር ከሆነ ኮፒውን፣ መንገድ ላይ ሐጂዝ (ፍተሻ) ሊኖር ይችላል።

ማዳም ካልለቀቀችኝስ?

ይሄ ነው ዋናው ጥያቄ፣ ሌላው ሁሉ ትርፍ ነው። ሐሪሳን መውጣት ማንም ይወጣታል፣ እሁድን ማግኘት ነው አቀበቱ።

የኔን ልንገራችሁ። አንድ ዓመት ከሰባት ወር እሁድ የሚባል ነገር አላየሁም። ሐሪሳን ግን ያየሁት ቶሎ ነው፣ በገባሁ በአምስተኛ ወሬ፣ ማዳም ልጆቹን ይዛ በሜይ ስትሄድ እኔም አብሬ ሄድኩ፣ ሄድኩ ማለት ይቻል እንደሆነ እንጃ። የትልቁ ልጅ ጃኬት በአንድ እጄ፣ የትንሿ ጋሪ በሌላው፣ ቴሌፍሪኩ ላይ ልጅቷ ነጠላየ ላይ አስመለሰች። ቤተሰቡ ደረጃውን ሲወጣ እኔ ከታች ጋሪ ይዤ ቆሜ ቀረሁ፣ ጋሪ ደረጃ አይወጣም አይደል። የዚያን ቀን ከሐሪሳ የማስታውሰው የጋሪውን ጎማ ነው፣ አንዷ ጎማ ትንሽ ታዘምም ነበር።

እዚያው ቆሜ ነው እንግዲህ "ለብቻየ ሳልመጣ አገሬ አልገባም" ያልኩት። ስለት በሉት ንዴት በሉት።

አሁን ወደ ምክሩ። የሊባኖስ የሠራተኛ ሕግ የ1946 ነው፣ የቤት ሠራተኛን ገና ከመጀመሪያው ከውስጡ አውጥቶ ነው የተጻፈው፣ ሁሉ ነገር "ከፊል" በሚሉት በአሠሪሽ፣ በዋስሽ እጅ የሆነው ለዚህ ነው። ነገር ግን በ2009 እኤአ ለቤት ሠራተኞች አንድ ወጥ ኮንትራት ወጥቷል፣ እሱ ላይ በሳምንት አንድ ቀን እረፍት ተብሎ ተጽፏል። የተጻፈውና የሚደረገው ሰማይና ምድር ነው፣ አውቃለሁ፣ ግን መኖሩን ማወቅሽ ጥሩ ነው፣ ከመፈረምሽ በፊት ኤጀንሲውን "እረፍት ስንት ቀን ነው፣ ውጭ ወጥቼ ነው ወይስ ቤት ቁጭ ብዬ?" ብለሽ ጠይቂ። "ቤት ውስጥ እረፍት" የሚባል ነገር አለ፣ ማለት ሳህን እያጠብሽ ማለት ነው።

ከገባሽ በኋላ ደግሞ አጠያየቁ ላይ ብልሃት አለ። "እሁድ ልውጣ" ካልሽ ማዳም ወንድ ነው የሚታያት። "ሐሪሳ ልሂድ፣ ለአድራ (ለድንግል) ሻማ ላብራ" በያት። ማሮናዊት ማዳም ይሄን እምቢ ማለት ያንቃታል፣ በተለይ በሜይ፣ በተለይ እናቷ ባለችበት። እኔ አሮጊቷ በተቀመጠችበት ነው የጠየቅኩት፣ አሮጊቷ "ሐራም፣ ኸሊያ ትሩህ" አለች፣ ትሂድ ተያት፣ አለቀ። የመጀመሪያ ቀን በሰዓትሽ ተመለሽ፣ ስድስት ካልሽ አምስት ተኩል። ለሷም የተባረከች መቁጠሪያ ይዘሽላት ግቢ። ሁለተኛው እሁድ ይቀላል።

ጨርሶ የማትለቅ ናት፣ ደመወዝም ትይዛለች፣ በር ትቆልፋለች ከሆነ ነገሩ የሐሪሳ ጉዳይ አይደለም፣ ቤሩት ቆንስላችን አለ፣ ስልኩን ከአገርሽ ሳትወጪ በቃልሽ አጥኚው፣ ስልክሽን ሊቀሙሽ ይችላሉ። ሐሪሳ እሄዳለሁ ብለሽ ወጥተሽ እንዳትጠፊ ደግሞ፣ ወረቀት አልባ ሆነሽ ያለው ኑሮ ሌላ ነው፣ ለቀጣይዋም ልጅ በሩን ትዘጊባታለሽ።

መቼ ብሄድ ይሻላል?

ሰው ማየት ከፈለግሽ በሜይ ወር። ወሩ በሙሉ የእመቤታችን ነው እነሱ ጋ፣ ዋናው በዓሏ የወሩ የመጀመሪያ እሁድ ነው፣ በኛ አቆጣጠር ሚያዝያ መጨረሻ ሳምንት፣ ግንቦት ልደታ ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው። ለኛ ልጆች ደስ የሚለው እሱ ነው፣ እዚያ ሻማ አብርተሽ በሳምንቱ ደግሞ ደውራ ያሉ ልጆች ጋ ንፍሮ ትቀምሻለሽ። ግን ግፊያው አይጣል ነው፣ መኪናው ተራራውን አይወጣም፣ ይቆማል።

ኦገስት 15 የፍልሰታ በዓላቸው ነው፣ ብሔራዊ በዓል ስለሆነ ሥራ ዝግ ነው፣ እረፍት የማግኘት ዕድልሽ ይጨምራል። በኛ ግን ነሐሴ 9 ነው፣ ጾሙ መሃል። እነሱ በዚያን ቀን ህሪሴ የሚባል ምግብ በትልቅ ድስት ይሠራሉ፣ ስንዴና ሥጋ አብሮ ተቀቅሎ እስኪላቆጥ የተመታ፣ ሽታው መንደሩን ይሞላዋል፣ ይሰጡሻልም፣ እንግዲህ ቻይው። (ህሪሴና ሐሪሳ ስማቸው ይመሳሰላል እንጂ አንድ አይደሉም፣ አንዷ ጓደኛችን ሐሪሳ እንብላ ብላ ሳቅንባት።)

ለጸሎት ከሆነ ግን በየትኛውም ተራ ቀን ጠዋት። ባዶ ሲሆን ነው ቦታው የሚገባሽ።

ምን ልልበስ? ጫማ ይወለቃል?

ትከሻና ጉልበት የሸፈነ ይበቃል። ነጠላ ለብሰሽ ብትሄጂ ማንም አይገርመውም፣ እንደውም አሮጊቶች ጨርቁን እየዳሰሱ "ኽልዊ" (ያምራል) ይሉሻል፣ ግን ከላይ ደረጃው ላይ ነፋሱ ነጠላሽን ይዞት ሊሄድ ስለሚችል አንገትሽ ላይ እሰሪው።

ጫማ አይወለቅም። እኔ ሳላውቅ የጸሎት ቤቷ በር ላይ አውልቄ ገባሁ፣ ስወጣ ጫማየ የለም። ተሰርቄ ነው ብዬ ልቤ ሊወጣ ሲል አንዲት መነኩሲት ጫማየን በሁለት እጇ ይዛ እየዞረች "የማን ናት?" ትላለች፣ የወደቀ ዕቃ መስሏት። ጫማ አውልቀን ነው የምንገባው አልኳት በምልክት ጭምር፣ ሙሴ፣ እሳት፣ ቁጥቋጦ፣ የማላውቀውን አረብኛ ሁሉ ቀላቅዬ። ገባት። ቀጥሎ ስሄድ እሷው ናት መሰለኝ፣ እየሳቀች ወደ እግሬ አሳየችኝ።

ቅዳሴያቸው ይገባል? በምን ቋንቋ ነው?

ባብዛኛው አረብኛ ነው፣ መሃል መሃል ላይ ሱርስት፣ የጥንቱ የሶርያ ቋንቋ፣ አለ። የኛ ልጆች ይሄን ክፍል ልብ ብላችሁ ስሙት። "ቀዲሻት አሎሆ፣ ቀዲሻት ሀየልቶኖ፣ ቀዲሻት ሎ ሞዩቶ" ይላሉ ሦስት ጊዜ። መጀመሪያ የሰማሁ ቀን ጆሮየን አላመንኩም። ቅዱስ እግዚአብሔር፣ ቅዱስ ኃያል፣ ቅዱስ ሕያው ዘኢይመውት! ያው እኮ ነው። ቀዲሻት ቅዱስ፣ ሀየልቶኖ ኃያል፣ ሎ ሞዩቶ የማይሞት። አያቴ ደብረ ወርቅ ማርያም ቅዳሴ ስታስቀድስ የምትለው ነገር፣ አረብ አገር የሰው ኩሽና ስፈትግ ከርሜ የማላውቀው ሰው አፍ ላይ አገኘሁት። ግዕዝና ሱርስት የአንድ ቤት ልጆች ናቸው ብለው የተማሩት ያስረዳሉ፣ እኔ ግን ያን ቀን ማስረዳት አልፈለግኩም፣ አለቀስኩ።

የቀረው ባይገባሽም ካንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም። በአማርኛ ጸልዪ፣ ማንም ዞር ብሎ አያይሽም።

ሙስሊም ጓደኛየ አብራኝ ብትመጣ ችግር አለው?

ምንም የለውም። ሂጃብ የለበሱ ሴቶች እዚያ ብዙ ናቸው፣ ሻማ ሲያበሩ ታያቸዋለሽ፣ ልጅ ፈልገው የሚመጡም አሉ። ሊባኖስ ውስጥ ማርች 25 የብሥራት በዓል የክርስቲያንም የሙስሊምም ብሔራዊ በዓል ነው፣ ቁርአን ውስጥም መርየም በስሟ የተጠራ ምዕራፍ አላት። እኔ ብዙ ጊዜ የወጣሁት ከወሎ ልጅ ጋር ነው፣ ሙስሊም ናት፣ ከኔ ቀድማ ነው ደረጃውን የምትጨርሰው።

ጸበል አለ? ምን ይዤ ልምጣ?

እንደኛ አገር ጸበል ብለሽ ጀሪካን ይዘሽ የምትወጭበት ቦታ አይደለም። ሱቆቹ መቁጠሪያ፣ ትንንሽ ነጭ ሐውልት፣ ሥዕል፣ የቁልፍ መያዣ ይሸጣሉ። ከመንገድ ዳር ግን "የተባረከ ዘይት" የሚል ሰው እንዳትገዢ፣ እኔ ገዝቼ ሻንጣ ውስጥ ሸክፌ ደብረ ማርቆስ ድረስ አምጥቼ እናቴ ከፍታ አሸተተችና "ይሄማ ወጥ የምሠራበት ዘይት ነው" አለችኝ። ለካ የሱፍ ዘይት። የሊባኖሱን ቅዱስ የሻርበልን ዘይት የምትፈልግ አናያ ገዳም ሄዳ ከራሳቸው ትውሰድ።

ለጉብኝት ብቻ ብሄድስ? ሌላ ምን አለ?

ይቻላል፣ ግማሹ ሰው ፎቶ ለመነሳት ነው የሚመጣው። የምሽቱ ሰዓት ነው ምርጡ፣ ፀሐይ ባሕሩ ውስጥ ስትገባ የጁኒየ መብራት ይበራል። እዚያው ሐሪሳ የቅዱስ ጳውሎስ ባዚሊካ አለ፣ የመልካውያን ካቶሊኮች፣ ውስጡ በሙሉ ሞዛይክ ነው፣ ብዙ ሰው ሳያየው ይመለሳል። ከሐሪሳ ዝቅ ብሎ በከርኬ የማሮናውያን ፓትርያርክ መንበር ነው። ጀይታ ዋሻም ሩቅ አይደለም። የሮም ጳጳሶቹም እዚህ ተራራ ላይ ወጥተዋል፦ ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ በ1997፣ ቤኔዲክቶስ 16ኛ በ2012፣ ሊዮ 14ኛ ደግሞ በ2025 መጨረሻ፣ በኛ ኅዳር 2018።

አገሩ ግን ሰላም ሲሆን አይተሽ ሂጂ፣ ትኬት ከመቁረጥሽ በፊት ወሬ ጠይቂ።

ባሕሩን ስታዩ ደግሞ አንድ ነገር አስቡልኝ። ጥር 17 ቀን 2002 ዓ.ም. ከቤሩት ወደ አዲስ አበባ የተነሳው አውሮፕላን እዚያ ባሕር ውስጥ ነው የወደቀው፣ 90 ሰው፣ አንድም አልተረፈም፣ ከነሱ መሃል እንደኛው ሠርተው ወደ ቤታቸው የሚመለሱ ልጆች ነበሩ። ከላይ ሆነው ቁልቁል እያዩ ዝም የሚሉ የኛ ልጆች ካያችሁ ምክንያቱ ይሄ ሊሆን ይችላል።

ጎጃም ውስጥስ የካቶሊክ ተራራ የለም እንዴ?

እንዲህ ያለ የለም። ካቶሊኮች ግን አሉ፣ ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ ባሕር ዳር ደሴ የሚባል ሀገረ ስብከትም አላቸው። ታሪኩን የሚወድ ሰው ካለ መርጡለ ማርያም ይሂድ፣ እነብሴ። እቴጌ እሌኒ ያሠሯት ቤተክርስቲያን ናት፣ በግራኝ ጊዜ ጠፍታ በሱስንዮስ ዘመን የሮም ኢየሱሳውያን እንደገና ገንብተዋት ነበር፣ አበባ የተቀረጸበት ድንጋዩ ዛሬም ፍርስራሹ ላይ ይታያል። ሱስንዮስ በ1622 እኤአ የሮምን ሃይማኖት በግልጽ ያዘ፣ አገር ተላለቀ፣ በ1632 "ፋሲል ይንገስ፣ ሃይማኖት ይመለስ" ተባለ። ከነዚያው ኢየሱሳውያን አንዱ፣ ጴጥሮስ ጳኤዝ፣ በ1618 ግሽ አባይ ሄዶ የአባይን ምንጭ አይቶ ጽፏል። እናቶች ካቶሊክ ሲባል ደማቸው የሚፈላው ከየት እንደመጣ እንግዲህ ይሄው ነው፣ አራት መቶ ዓመት ሆኖትም አልበረደም። ቦታዋ ዛሬ የኛው የተዋሕዶ ናት፣ ይቀደስባታል።

የስም ዝርዝር ብልክልሽ አስወጥተሽ ታስነብቢልኛለሽ?

እኔ አሁን አገሬ ነኝ፣ ግን እዚያ ያሉ ልጆች ጋ እልካለሁ፣ ያደርጉታል። ክርስትና ስም ብቻ ጻፉ፣ ታሪክ አትጻፉ፣ አንዷ ሙሉ የፍርድ ቤት ክርክሯን ልካልኝ ነበር። እኔ ለመጨረሻ ጊዜ የወጣሁ ቀን 31 ስም ነበር ይዤ የወጣሁት፣ ወረቀቱን ነፋስ እንዳይወስደው በመቁጠሪያየ ጠቅልዬ። ወለተ ማርያም፣ ገብረ ሥላሴ፣ ኃይለ ሚካኤል እያልኩ ወርጄ ወርጄ ከታች 29ኛው ላይ "ወይኖ" ይላል። ወይኖ የማን ክርስትና ስም ነው ብዬ ደነገጥኩ፣ ወዲያው ትዝ አለኝ፣ የጎረቤታችን የጋሼ በሬ ነው፣ ያን ሰሞን ታሞበት ነበር። ዘልዬው ላልፍ አሰብኩ፣ ከዚያ ሰው አለመኖሩን ግራና ቀኝ አየሁና አነበብኩት።